ጆይስቲክ ነክቶ ለማያውቅ እጅ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከተለያዩ ከተሞች የተጻፉ ቢሆኑም አንድ ጉዳይ ይዘው መጥተዋል። ሦስቱም የቪዲዮ ጨዋታ ተጫውቶ የማያውቅን ሰው በየትኛው ጌም ማስጀመር እንደሚሻል ይጠይቃሉ። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ እየጠበቅኩ የጀመርኩት የጌም ፍቅር በ33 ዓመቴም አልለቀቀኝም። ባለፈው ዓመት ጎጆ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ማታ ማታ ከጎኔ ተቀምጣ ስጫወት ታየኛለች፤ አንድ ቀን «እስቲ እኔንም አስተምረኝ» ስትለኝ ደስ ብሎኝ የምወደውን የእግር ኳስ ጨዋታ ከፈትኩላት። አምስት ለባዶ ተሸነፈች። በማግስቱ ደግሞ ዓለሙ ሰፊ የሆነ፣ በፈረስ የሚኬድበትና ግራፊክሱ የሚያስደንቅ ጨዋታ ሰጠኋት፤ ለሩብ ሰዓት ያህል ከግድግዳ ጋር ስትጋጭ ቆይታ «ራሴን አዞረኝ» ብላ ተወችው። አሁን «ይሄ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ትላለች። በእርግጥ ለጌም ያልተፈጠረ ሰው አለ? ከሌለስ በየትኛው ላስጀምራት?
ባል ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጌም ያልተፈጠረ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ጌም የሚያውቅ ሰው ግን ጀማሪን በአንድ ምሽት ከጌም ሊያርቅ እንደሚችል ከራሴ ጥፋት ተምሬአለሁ። ከዓመታት በፊት ታናሽ እህቴን አጠገቤ አስቀምጬ፣ በወቅቱ ከሁሉ አስበልጬ የምወደውንና ሁሉ ነገር በተዋጊው ዓይን የሚታይበትን ጨዋታ ሰጠኋት። ወደ ፊት ልትሄድ ስትል ጣሪያ ታያለች፤ ከጣሪያው ልትወርድ ስትል ወለሉ ላይ ታፈጣለች፤ በዚህ መሃል ጠላት ይመጣል። እኔም «የቀኙን! ኧረ የቀኙን ነው የምልሽ!» እያልኩ ከጮህኩ በኋላ «በይ አምጪው፣ ይቺን እኔ ላሳልፍልሽ» ብዬ ጆይስቲኩን ከእጇ ወሰድኩ። እህቴ ቡና ላፍላ ብላ ተነሳች። ቡናው ፈልቶ መጣ፤ እርሷ ግን ወደዚያ ጨዋታ አልተመለሰችም።

ያን ምሽት ያልገባኝ ነገር ቢኖር ለዓመታት የተጫወትን ሰዎች ጆይስቲኩን የማናየው መሆኑ ነው። እስቲ ዛሬ ማታ የእርስዎን አንሥተው እንደ እንግዳ ዕቃ ይመልከቱት። ፊት ለፊቱ ምልክት ያለባቸው አራት ቁልፎች፣ በጠርዙ ሌሎች አራት፣ በግራ በኩል አቅጣጫ መምረጫ፣ በመሃል ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አሉ፤ ዘንጎቹም ወደ ውስጥ ሲጫኗቸው እንደ ቁልፍ ይሠራሉ። የግራው ዘንግ እግር ነው፣ የቀኙ ዓይን ነው። በተፈጥሯችን ስንራመድ እግራችንና ዓይናችን ሳናስበው አብረው ስለሚሄዱ፣ ሁለቱን ለሁለት አውራ ጣቶች ከፋፍሎ ማዘዝ ማንም ሰው በልምድ ካልሆነ የማያገኘው ችሎታ ነው። ባለቤትዎ ከግድግዳው ጋር የተጋጩት መንገዱ ጠፍቷቸው ሳይሆን አንገታቸውን ማዞር ስላልቻሉ ይመስለኛል።

የእግር ኳሱ ጨዋታ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ኳሱ በእኛ እግር ሥር ሳለ የክብ ምልክት ያለባት ቁልፍ ወደ ጎል ትመታለች፤ ኳሱን ስንነጠቅ ያችው ቁልፍ መንጠቂያ ትሆናለች። ካሬዋም እንዲሁ ስናጠቃ ታሻማለች፣ ስንከላከል ሸርተቴ ትገባለች። እርስዎ ይህን ሁሉ ጣትዎ ስለሚያውቀው አያስቡትም፤ ባለቤትዎ ግን ኳሱ በተነጠቀ ቁጥር የሁሉንም ቁልፎች ትርጉም እንደገና መማር ነበረባቸው። ብዙ ሰዎች በሽፋኑ ላይ ያለውን የዕድሜ ቁጥር አይተው ይሳሳታሉና ይህንንም ልጨምር፤ የፊፋ ጨዋታዎች በአውሮፓ ለዓመታት 3 ቁጥር ተለጥፎባቸው ሲሸጡ ኖረዋል። ቁጥሩ የሚናገረው ይዘቱ ለሦስት ዓመት ሕፃን የማይጎዳ መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለ አጨዋወቱ ቀላልነት የሚለው አንዳች ነገር የለም።

ስለዚህ ለጀማሪ ጨዋታ ሲመርጡ አስቀድመው የሚጠይቁት «ይህ ጌም ምን ያህል ምርጥ ነው?» ብለው ሳይሆን «ይህ ጌም በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከእጅ ምን ይፈልጋል?» ብለው ይሁን። ሁለተኛው ጥያቄ መሳሳት ምን ያስከፍላል የሚለው ነው፤ ተጫዋቹ ሲሳሳት የሚያጣው ሦስት ሰከንድ ነው ወይስ ግማሽ ሰዓት? ሦስተኛው ሰውዬው ከጌም ውጭ ምን ይወዳል የሚለው ሲሆን፣ እኛ ጌመኞች ይህን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ አንጠይቅም፤ የራሳችንን ፍቅር እናስረክባለን እንጂ።

ፕሌይስቴሽን እንዳለዎት ከደብዳቤዎ ስለገመትኩ በመጀመሪያ የምመክርዎ «አንፓኪንግ» የተባለውን፣ በ2021 የወጣውን የአውስትራሊያ ጨዋታ ነው። ሥራው ካርቶን ከፍቶ ዕቃ ማውጣትና በክፍሉ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ማንሣት፣ ማዞር፣ ማኖር። ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ የሚያሳድድዎ የለም፣ ሰዓት አይቆጥርም። ጨዋታው በ1997 በአንዲት ልጅ መኝታ ክፍል ይጀምርና ያችኑ ልጅ በየቤት ለውጧ እየተከተለ እስከ 2018 ይዘልቃል። ልጅቷን አናያትም፣ ስትናገርም አንሰማትም፤ ሕይወቷን የምናውቀው በዕቃዎቿ ነው። አንደኛው ቤት ከወንድ ጓደኛዋ ጋር የገባችበት ነው፤ ግድግዳውና መደርደሪያው ሁሉ በእርሱ ዕቃ ስለተያዘ የዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማዋን የምትሰቅልበት ቦታ ታጣና ከአልጋ ሥር ለማስገባት ትገደዳለች። አንድም ቃል ሳይነገር ያ ግንኙነት እንዴት እንደሚያልቅ ተጫዋቹ በገዛ እጁ ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ዕቃ ጠቅልለው ጎጆ ለወጡ ሰዎች ይህ የሚናገረው ነገር ያለ ይመስለኛል። ጨዋታው ዕቃ ያለቦታው ሲቀመጥ ቀይ መስመር ያሳያል፤ ይህ የሚያስጨንቅ ከሆነ ማንኛውም ዕቃ የትም እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ምርጫ በማስተካከያው ውስጥ አለ።

ሁለተኛው «ጀርኒ» ነው። በ2012 ለፕሌይስቴሽን 3 ወጥቶ በኋላ ለፕሌይስቴሽን 4 የተላለፈ ሲሆን ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቀይ ካባ የለበሰ መንገደኛ በበረሃ ተነሥቶ ሩቅ ወደሚታየው ተራራ ይሄዳል። ከመራመድ ሌላ ያለው ነገር መዝለልና ድምፅ ማሰማት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ንግግር ስለሌለበት በመሃል «ምን አለ?» ተብሎ የሚቋረጥ ነገር የለም። የቀኙ ዘንግ እዚህ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አሸዋው ሰፊ፣ ጠላቱ ጥቂት ስለሆነ ሰው ዙሪያውን ማየትን ሳይሸማቀቅ የሚማርበት ቦታ ነው። በኢንተርኔት ከተገናኙ ደግሞ በመንገድ ላይ ስሙ የማይታይ ሌላ ሰው፣ ከዓለም የትኛውም ጥግ የሚጫወት ሰው፣ ይቀላቀላቸው ይሆናል። ይህን አስቀድመው አይንገሯቸው።

እነዚህ ሁለቱ ከተወደዱ በኋላ ሦስተኛውን ባለቤትዎ ይምረጡ። ረጅም ጊዜ የሚያቆይ ነገር ከፈለጉ «ስታርዱ ቫሊ» የተባለው፣ ኤሪክ ባሮን የተባለ አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶ በ2016 ያወጣው የእርሻ ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሚነበብ እንግሊዝኛ ይበዛበታል፣ ዓሣ ማጥመዱም ለጀማሪ እጅ ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቢዘለል ይሻላል። ደግሞም ጨዋታው ሴቭ የሚያደርገው ገጸ ባሕሪው ተኝቶ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው። የጨዋታው ቀን ሳያልቅ መብራት ቢሄድ የዚያ ቀን ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ይህን በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሳይነግሩ ጨዋታውን መስጠት ጥል መፈለግ ነው።

ለጥንዶች ሁሉ የሚመከረውን «ኢት ቴክስ ቱ»ን ለምን እንዳላነሣሁ ይገርምዎ ይሆናል። በ2021 በጌም አዋርድስ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ የተባለ፣ ያለ ሁለተኛ ሰው ጨርሶ የማይሠራ ግሩም ጨዋታ ነው። ነገር ግን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ሁለቱንም ዘንጎች እየተጠቀሙ መዝለልን፣ በአየር ላይ እያሉ እንደገና መዝለልን ይጠይቃል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ ጠባቂውም ሁልጊዜ እርስዎ ይሆናሉ። ለዓመት ያህል ያቆዩት። በነገራችን ላይ ታሪኩ ሊፋቱ ስለወሰኑ ባልና ሚስት ነው፤ አዲስ ሙሽሮችን በዚያ ለማስጀመር የሚቸኩል ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይገባኝም።

ማዞሩን በተመለከተ፣ ዓይን እንቅስቃሴ እያየ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን መጠበቂያ አካል ግን እንቅስቃሴ ስለማይሰማው የሚመጣ፣ በመኪና መንገድ ከሚያቅለሸልሸው ጋር ወንድማማች የሆነ ነገር ነው። «ትለምጂዋለሽ» ብሎ ማስቀጠል ስህተት ነው። እንደተሰማቸው ወዲያው ያቁሙ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የክፍሉን መብራት አብርተው፣ ከቴሌቪዥኑ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ካሜራው ቆሞ የሚቆይባቸው ጨዋታዎች ይህን ችግር እምብዛም አያመጡም።

የሚቀረው የእርስዎ ጠባይ ነው፤ ከጨዋታው ምርጫ ይልቅ እርሱ ያሳስበኛል። በ1985 የወጣው የመጀመሪያው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» እንዴት እንደሚያስተምር ልብ ይበሉ። ማሪዮ በስተግራ ቆሟል፣ በስተቀኝ ባዶ ሜዳ አለ፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ ይኬዳል። እንጉዳይ የመሰለ ፍጡር በዝግታ ይመጣል፤ ካልዘለሉት ይሞታሉ፣ ግን ያጡት ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ወዲያው ተመልሰው ይዘሉታል። ጥቂት አልፎ ከሳጥን የሚወጣው ጠቃሚው እንጉዳይ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ከቱቦው ጋር ይጋጭና ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል፤ ሳይፈልጉት እንኳ ይነካቸዋል፣ ማሪዮም ያድጋል። ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ ያንን ሁሉ ያስተማሩት አንዲት ቃል ሳይጽፉ ነው። ጨዋታው በኋላ ምሕረት የለሽ ስለሚሆን፣ ሦስቱ ነፍስ ሲያልቅም 32ቱን ደረጃዎች ከመጀመሪያ ስለሚያስጀምር ለባለቤትዎ አልመርጠውም፤ ዘዴውን ግን ይውሰዱ። ጆይስቲኩን ካስረከቡ በኋላ እጅዎን ጭንዎ ላይ ያድርጉ፤ ሲጠየቁ ብቻ ይመልሱ፤ ሲመልሱም «ክቧን ተጫኚ» ይበሉ እንጂ ጆይስቲኩን አይቀበሉ። የተደበቀ ሣጥን ሳያዩ ሊያልፉ ነው? ይለፉ። ቀላል የሚባለው ደረጃ ካለ ሳያፍሩ እርሱን ይክፈቱ። ባለቤትዎ ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ይብቃኝ» ካሉ ይብቃቸው፤ ነገ «የት ደርሰን ነበር?» የሚሉት ዛሬ በራሳቸው ፈቃድ ካቆሙ ነው።

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አባቴ 68 ዓመቱ ሲሆን እኛ ጋ ሊኖር ከመጣ ሰባት ወር ሆነው። ቀን ቀን ሁላችንም ሥራና ትምህርት ቤት ስለምንሆን ብቻውን ይውላል፤ ማታ ደግሞ ልጆቼ፣ የ7 እና የ10 ዓመት ናቸው፣ ኔንቴንዶ ስዊች ላይ ሲያፈጡ እርሱ ከኋላቸው ተቀምጦ ያያል። በአገር ቤት ሳለ ዳማ የሚያሸንፈው አልነበረም። እንግሊዝኛ ጥቂት ነው የሚያነበው። ከልጆቹ ጋር ሊጫወተው የሚችል ነገር ይኖራል? ገበሬ ቤት ስላደገ የእርሻ ጌም ልገዛለት አስቤ ነበር።
ልጁ ነኝ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የእርሻውን ጌም ለጊዜው ይተዉት። ከላይ ባነሣሁት ጨዋታ ውስጥ የመጀመሪያው ዘር በአራት ቀን ደርሶ ይታጨዳል፤ በሬ ጠምዶ ያረሰ፣ የክረምቱን ሰማይ ቀና ብሎ ያየ ሰው ይህን ሲያይ ሊስቅ ወይም ሊናደድ ይችላል፣ ሁለቱንም በሰማሁ ጊዜ አልፈረድኩም። ደግሞ ያ ጨዋታ ሁሉን ነገር በጽሑፍ የሚናገር ነው። ትልልቆቹ ጨዋታዎች አማርኛ ስለማይናገሩ ለአባትዎ የሚመረጠው የሚነበብ ነገር የሌለው ወይም አንዴ ተነግሮ የሚያበቃ መሆን አለበት።

የብቸኝነቱን ሰዓት በተመለከተ መልሱ ከደብዳቤዎ ውስጥ አለ። በታብሌት ዳማ ይክፈቱላቸው። ሰሌዳው የሚያውቁት ነው፣ ጣት በማስነካት ብቻ ይጫወቱታል፣ ሲደክማቸው ይተዉታል። የዳማ ሕግ ግን ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ የነገሠው ጠጠር እንዴት እንደሚሄድና መብላት ግዴታ መሆን አለመሆኑን እርስዎ አስቀድመው በማስተካከያው ውስጥ ይመልከቱ፤ አለበለዚያ «ይሄ ዕቃ አጭበርባሪ ነው» የሚል ክስ ይመጣል፣ ክሱም በከፊል እውነት ይሆናል። ይህን እንደ ጌም አይቆጥሩት ይሆናል፤ እኔ ግን እቆጥረዋለሁ። ጣት ስክሪን ላይ ሲነካ የሚሆነውን መልመድ ለሚቀጥለው ሁሉ መግቢያ ነው።

ከልጆቹ ጋር ለሚሆነው ምሽት የምመርጠው በ2022 የወጣውን «ኔንቴንዶ ስዊች ስፖርትስ» ነው፤ ከውስጡም ቦውሊንግን። እጅ ወደ ኋላ ተወስዶ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ኳሱም ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱን አጨዋወት በ2006 ወደ ዓለም ሳሎን ያስገባው የዚሁ ድርጅት «ዊ ስፖርትስ» ሲሆን፣ ከ80 ሚሊዮን ኮፒ በላይ የተሰራጨውና ጌም ይጠሉ የነበሩ አያቶች ሳይቀሩ የተጫወቱት ሰውነት የሚያውቀውን እንቅስቃሴ ስለጠየቀ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ እህቴም ከዓመታት በኋላ ወደ ጌም የተመለሰችው በዘመድ ቤት በዚያ ቦውሊንግ ነበር፤ እኔን አሸንፋኝ ጆይስቲኩን ስትመልስልኝ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የእጅ አንጓ ማሰሪያውን ሳያስሩ አይጫወቱ። በ2006 ብዙ ሰዎች ከእጃቸው ባመለጠው ጆይስቲክ ቴሌቪዥናቸውን ስለሰበሩ ኔንቴንዶ ማሰሪያውን በጠንካራ ለመተካት ተገዷል። አባትዎ ለጉልበታቸው የሚሰጉ ከሆነም ቦውሊንግን ወንበር ላይ ተቀምጠው መጫወት ይችላሉ።

ወር ያህል ካለፈ በኋላ ልጆቹ በእርግጥ የሚወዱትን «ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ» መሞከር ይቻላል። ይህ በ2017 የወጣው የመኪና እሽቅድምድም በውስጡ ሁለት አጋዦች አሉት። አንደኛው መኪናዋ ከመንገድ እንዳትወጣ መሪውን የሚያቃና ሲሆን፣ ሁለተኛው ነዳጁን ራሱ የሚረግጥ ነው። ሁለቱም ሲበሩ ተጫዋቹ የሚቀረው ዘንጉን ግራና ቀኝ ማለት ብቻ ነው። አጋዡ ለአያት ብቻ በርቶ ለልጆቹ ጠፍቶ መጫወት ስለሚቻል ሁሉም በአንድ ውድድር ውስጥ እንደየአቅሙ ይሮጣል። መጀመሪያ ላይ አያት መኪናዋ በታጠፈች ቁጥር መላ ሰውነታቸው አብሮ ሲያዘነብል ያያሉ፤ ልጆቹ በዚህ እንዳይስቁባቸው አስቀድመው ይንገሯቸው። የሁላችንም እጅ እንዲያ ነው የጀመረው።

አስተማሪዎቹ ልጆቹ ይሁኑ እንጂ እርስዎ አይሁኑ። የ10 ዓመቱ ልጅ በአማርኛ «አባባ፣ ወደ ግራ፣ አሁን ወርውር» ማለት ይኖርበታል፤ እንግሊዝኛው አያትን አይጠቅማቸውምና። በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት ወር ሙሉ ያልገባ ትእዛዝ አንቀጽ በአንድ ምሽት ሲገባ ቢያዩ እንዳይገርምዎ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምሠራው ዱባይ፣ በሰው ቤት ነው። ለራሴ የማገኘው ጊዜ ማታ ከመተኛቴ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ብቻ ሲሆን ያለኝም ተራ ስልክ ነው። አንድ ሁለት ነጻ ጌም አውርጄ ነበር፤ ግን ማስታወቂያው አሰለቸኝ፣ አንዱም ሳላውቀው ገንዘብ ቆረጠብኝ። በ29 ዓመት ጌም መጀመር አይዘገይም? በስልክስ ደህና ነገር አለ?
አንባቢያችሁ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አልዘገዩም፤ ደግሞም ከዚህ በፊት ተጫውተው ይሆናል። ኖኪያ ስልክ ላይ እየረዘመች ራሷን የምትነክሰውን እባብ ከነኩ ጌም ተጫውተዋል። ያች ጨዋታ ከ1997 ጀምሮ በኖኪያ ስልኮች ውስጥ ስትገባ በአራት ቁልፍ ብቻ የምትታዘዝ ነበረች፤ ለስልክ የሚሆን ጥሩ ጌም ምን እንደሚመስል ዛሬም ከእርሷ መማር ይቻላል።

«ነጻ» የሚለው ቃል እንዳያታልልዎ። ነጻ ከሚባሉት ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ በለጋስነት እያሸነፉ ያስገባሉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ደረጃው ሆን ተብሎ ይከብዳል፣ «ልብ» ወይም «ኃይል» አልቋል ይላል፣ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ ወይም ይክፈሉ ይላል። ያ እርስዎ ጎበዝ ስላልሆኑ የሚመጣ ችግር አይደለም፤ ነጋዴው ሒሳቡን የሚያወራርድበት መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚያበቃ ጨዋታ በመጨረሻ ይረክሳል።

ከእነዚህ መካከል የምመክርዎ በ2014 ለንደን ውስጥ የተሠራው «ሞኑመንት ቫሊ» ነው። አይዳ የተባለች ልዕልት የማይቻል በሚመስል ሕንጻ ውስጥ ትሄዳለች፤ እርስዎ ግንቡን በጣትዎ ሲያዞሩት ተለያይተው የነበሩ ሁለት መንገዶች ይገጥማሉ። መሞት የለም፣ መሸነፍ የለም፣ የሚነበበውም ጥቂት መስመር ነው። አሥር አጫጭር ምዕራፎች ስላሉት ማታ ማታ አንዷን ጨርሰው ስልኩን ማስቀመጥ ይችላሉ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ የፈጠረው «ቴትሪስ»ም ለእንዲህ ዓይነቱ ግማሽ ሰዓት ይሆናል፤ ሰባት ቅርጾች፣ አንድ ሕግ፣ ሌላ የሚጠና ነገር የለም። ግን ልጠንቀቅ፣ «አንዴ ብቻ» እያሉ እንቅልፍ የሚሰርቅ ጨዋታ ነውና በማግስቱ ማልደው ለሚነሡ ሰው ማንቂያ ደወል አብሮ ቢሞላ ይሻላል። የአገር ቤት ነገር ከናፈቀዎት ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራውን፣ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ይፈልጉ።

ገንዘብ የቆረጠብዎን ጌም ከማጥፋትዎ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። በስልክዎ የመተግበሪያ መደብር ውስጥ የደንበኝነት ክፍያዎች የሚል ዝርዝር ይፈልጉና ያ ጌም እዚያ ካለ በመጀመሪያ ክፍያውን ይሰርዙ፤ ጌሙን ከስልክ ማጥፋት ብቻውን ወርኃዊውን ክፍያ አያቆምም። ከዚያም በዚያው መደብር ማስተካከያ ውስጥ ማንኛውም ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያድርጉ።